አንድ ጉባኤ ወይስ ሁለት? የውጫሌ ትምህርት ለሙያ ማኅበራት

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚያቀናው አውራ ጎዳና የሐይቅን ከተማ አልፎ፣ የአምባሰልን ተራሮች እየታከከ ውጫሌ ይደርሳል። በዚያ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ሥፍራ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መልእክተኛ በኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ መካከል አንድ ውል ተፈረመ። ውሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሥፍራ፣ በአንድ ጉዳይ የተፈረመ ቢሆንም የተጻፈው በሁለት ቋንቋ ነበር፤ ውሎ አድሮ እንደ ታየው ደግሞ በሁለት ሐሳብ ነበር። የአንቀጽ 17 የአማርኛ ቃል የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት ለመላላክ እንደሚቻላቸው ሲገልጽ፣ የኢጣልያንኛው ቃል ይህንኑ ወደ ግዴታ ለወጠው። አንዱ ወገን «ይቻላል» ብሎ የፈረመውን ሌላው «ተገድዷል» ብሎ ለዓለም አስታወቀ። ምኒልክ ንግሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በደብዳቤ ባሳወቁ ጊዜ፣ ግንኙነቱ በኢጣልያ በኩል መሆን ይገባው ነበር የሚል መልስ ሲመጣ ነገሩ ገሃድ ወጣ። ውሉ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ጠቡ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ በደም ተቆረጠ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል የውጫሌው ውል ጨርሶ ተሻረ።

ይህ ታሪክ እዚህ የሚነሣው የዲፕሎማሲን ምዕራፍ ለመድገም አይደለም። የሙያ ማኅበራት ዛሬ ጉባኤ የሚጠሩበትን መንገድ ልብ ብሎ የተመለከተ ሁሉ ከዚያች አንቀጽ የሚማረው ስላለ ነው። አንድ ስብሰባ አንድ የሚሆነው ተሰብሳቢው ሁሉ አንድ ነገር ሲሰማ፣ አንድ ቃል ሲያነብብና በእኩል መብት ሲወስን ብቻ ነው። ይህ ሲጎድል ማኅተሙ አንድ ቢሆንም ጉባኤው ሁለት ነው፤ ሁለት የሆነ ጉባኤ ደግሞ ዘግይቶም ቢሆን ጠብ ይወልዳል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና ቫይረስ በኢትዮጵያ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ አዳራሾች እንደ ተዘጉ ይታወሳል። በዓለም ዙሪያም እንዲሁ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 75ኛ ጠቅላላ ጉባኤ በመስከረም 2013 ዓ.ም. የመሪዎችን ንግግር አስቀድሞ በተቀረጸ ቪድዮ ሰማ፤ መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረትም 34ኛውን የመሪዎች ጉባኤ ጥር 29 እና 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በበይነ መረብ አካሄደ። ወረርሽኙ ጋብ ሲል አዳራሾች ተከፈቱ፤ በበይነ መረብ መገናኘቱ ግን አልቀረም። ከፊሉ አባል በአዳራሽ በአካል ተገኝቶ፣ ከፊሉ ደግሞ ከያለበት ሆኖ በስልክ ወይም በኮምፒዩተር የሚካፈልበት ሥርዓት ተለመደ። በዚህ ጽሑፍ «ጥምር ጉባኤ» የሚባለው ይህ ነው። ጥምር ጉባኤ በሚገባ ከታቀደ በክፍለ ሀገር የሚኖረውን ሙያተኛ ከማኅበሩ ጋር የሚያስተሳስር ታላቅ መሣሪያ ነው። ይሁንና እንደ ነገሩ ከተካሄደ፣ የራቀውን አባል በስሙ እየቆጠሩ በመብቱ የሚገፉበት አዲስ ዘዴ ይሆናል።

የጥግ ካሜራ

እንበል፣ በሐይቅ ከተማ ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምር አንድ የማኅበር አባል አለ። ዓመታዊ መዋጮውን ሳያጓድል ይከፍላል። ከሐይቅ እስከ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ ለአንድ ቀን ጉባኤ ሁለት ቀን በመንገድ ማሳለፍ አለበት፤ የመንገዱ ሰላምም ሁልጊዜ የሚያስተማምን አይደለም፤ ክፍለ ጊዜውን የሚሸፍንለት መምህርም አያገኝም። ስለዚህ የጉባኤው መጥሪያ ከመግቢያ አድራሻው ጋር በቴሌግራም ሲደርሰው ደስ ይለዋል። መጥሪያው «3፡00» ይላል፤ የጧቱ 3 ሰዓት ይሁን፣ ወይስ በፈረንጆች አቆጣጠር ተጽፎ የቀኑ 9 ሰዓት ማለቱ ይሁን አይገልጽም። መምህሩ በግምት በጧት ይከፍታል።

መጀመሪያ የሚያየው የሰው ማጅራት ነው። በመድረኩ የሚቀርበው ጥናት በግድግዳው ላይ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ይታየዋል። አቅራቢው ማይክራፎን ይዟልና ይሰማል፤ ከአዳራሹ አንድ ሰው ተነሥቶ ሲጠይቅ ግን ማይክራፎን ስላልደረሰው ጥያቄው አይሰማም፤ የሚሰማው የአዳራሹ ሳቅ ብቻ ነው። ሳቁ ስለ ምን እንደ ሆነ የሚነግረው የለም። እጅ ማውጫውን ምልክት ይጫናል፤ ምልክቱን እንዲመለከት የተመደበ ሰው የለም። ጥያቄውን በጽሑፍ ይልካል፤ የሚያነብብለት የለም። በሻይ ዕረፍት ካሜራው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ባዶ ወንበር ያሳየዋል። ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ሲመረጥ አዳራሹ እጁን ያወጣል፤ የሐይቁ መምህር እጅ አይቆጠርም። በመዝጊያው ላይ በርቀት ለተከታተሉ አባላት ሞቅ ያለ ምስጋና ይቀርባል፤ በቃለ ጉባኤውም ላይ በርካታ አባላት በበይነ መረብ «ተሳትፈዋል» ተብሎ ይጻፋል።

የውጫሌ አንቀጽ የሚታወሰው እዚህ ላይ ነው። በአዳራሹ ቃለ ጉባኤ «ተሳትፈዋል» የተባለው፣ በሐይቁ መምህር ስልክ ላይ «ተመልክቷል» ነበር። ማየትና መሳተፍ ሁለት ግሦች ናቸው፤ አንዱን በሌላው ተክቶ መጻፍ ከአንቶኔሊ የተወረሰ የትርጉም ጥበብ ነው። እርግጥ በአንድ አገር ነጻነትና በአንድ ማኅበር ምርጫ መካከል ያለው የክብደት ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ነው። የማታለያው አሠራር ግን አንድ ነው፤ አንደኛው ወገን የተስማማበት ሳይሆን ሌላኛው የጻፈው ሕግ ሆኖ ይቀራል።

የዚህም ውጤት ቀላል አይደለም። የማኅበር የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ሥራ አስፈጻሚው የሚመረጠው፣ የሙያ ሥነ ምግባር ደንቡ የሚጸድቀው፣ የመጽሐፍ ማሳተሚያውና የሥልጠናው ድልድል የሚወሰነው በዚያ ነው። የሐይቅ፣ የውጫሌና የኩታበር አባላት በዓመት በዓመቱ ተመልካች ብቻ ከሆኑ፣ «የኢትዮጵያ» የሚል ስም የያዘው ማኅበር ቀስ በቀስ የአንድ ከተማ፣ ኋላም የአንድ ሠፈር ማኅበር ይሆናል። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል፤ ከልብ የራቀውንም አባል በመዋጮ ደረሰኝ ብቻ አባል ነው ማለት አይቻልም።

የበጀቱ ሚዛን

ጉድለቱ የመሣሪያ እጥረት ብቻ ነው የሚሉ አይጠፉም። የጉባኤ በጀት ሲዘጋጅ ምን እንደሚጻፍ ያየ ሰው ግን ይህን አይቀበልም። የአዳራሽ ኪራይ ይጻፋል፤ ምሳና ሻይ ይጻፋል፤ በመድረኩ ላይ የሚሰቀለው ጨርቅ፣ የማኅበሩ ስም የታተመበት ቦርሳና የማስታወሻ ደብተር ይጻፋል፤ የውሎ አበልና የትራንስፖርት ይጻፋል። በርቀት ለሚካፈለው አባል የሚጻፍ መስመር ግን የለም። ካሜራው የሚታወሰው በዋዜማው ነው፤ ሥራውም ኮምፒዩተር ያውቃል ለተባለ አንድ ወጣት ያለ ረዳትና ያለ ክፍያ ይጣልበታል።

ስለ አበል ሲነገር ፍትሕ አይጓደል። ደመወዙ ከኑሮው ጋር የማይመጣጠን መምህር ወይም የኪነ ጥበብ ሰው አበል በማግኘቱ የሚወቀስበት ምክንያት የለም። የሚያስወቅሰው፣ አበል የጉባኤው ድንገተኛ ገጽታ መሆኑ ቀርቶ የጉባኤው ምክንያት ሲሆን ነው። ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ መገኘት ጥቅም፣ በርቀት መካፈል ቅጣት ይሆናል። በምስል የሚካሄድ የአንድ ሰዓት የቡድን ስብሰባ 1 ጊጋ ባይት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዳታ ይፈጃል፤ የሙሉ ቀን ጉባኤ ለመከታተል የሚወጣው ገንዘብ በክፍለ ሀገር ለሚኖር መምህር ሸክም ነው። በአዳራሹ ያለው ተከፍሎት ሲሰበሰብ፣ በሐይቅ ያለው ከፍሎ ይመለከታል። የድምፅ ብቻ ስብሰባ የዚያን ዳታ ጥቂት እጅ ብቻ እንደሚፈጅ የሚያውቅ አዘጋጅ፣ ለድምፅ ብቻ የሚሆን መግቢያ አስቀድሞ ያዘጋጅ ነበር፤ የዳታውንም ዋጋ በበጀቱ ውስጥ ይይዝ ነበር። ይህ የዕውቀት ጉዳይ ሳይሆን የማሰብ ጉዳይ ነው።

ሦስቱ ማምለጫዎች

ይህ ሁሉ ሲነሣ ሦስት ዓይነት መልስ ይሰማል።

የመጀመሪያው መልስ «ጉባኤ ማለት ሰው ለሰው መተያየት ነው፤ በስልክ መስኮት የሚገኝ ወንድማማችነት የለም» የሚል ነው። መልሱ እውነትነት አለው። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም የሚተምመው ምእመን የአምባሰልን አቀበት የሚወጣው በዓሉን በቴሌቪዥን ማየት ስላቃተው አይደለም። በወሎ የታወቀው የአበጋር ሽምግልናም የሙስሊሙንና የክርስቲያኑን ሽማግሌ በአንድ አስቀምጦ የተጣላን የሚያስታርቀው ፊት ለፊት ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ «መምጣት ያልቻለ ይቅር» ወደሚል መደምደሚያ መዝለል አይገባም። ይህን ክርክር አጥብቀው የሚያቀርቡት አብዛኛውን ጊዜ ከአዳራሹ በታክሲ ርቀት የሚኖሩ መሆናቸውም ልብ ሊባል ይገባል። የፊት ለፊት መገናኘት ውድ ነገር ከሆነ፣ ውድ ነገር ሁልጊዜ ለአንድ ከተማ ነዋሪ ብቻ የሚታደልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሁለተኛው መልስ የዚህ ተቃራኒ ነው። «አዳራሹ ይቅር፤ ሁሉም ከቤቱ ሆኖ በዙም ይሰብሰብ፤ ገንዘብም ይተርፋል» ይላል። ይህም የሥራውን ጠባይ ካለመመርመር የመጣ ነው። ምሳሌውን ከራሱ ከአምባሰል መውሰድ ይቻላል። አምባሰል የተራራና የወረዳ ስም ብቻ አይደለም፤ ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ለኔ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና የኢትዮጵያ ቅኝቶች አንዱ ነው። ስለዚህ ቅኝት የሚመክር የሙዚቀኞች ጉባኤ ተጠርቶ፣ ባለመሲንቆው ከውጫሌ፣ ክራር መቺው ከአዲስ አበባ በዙም አብረው ይጫወቱ ቢባል አይሆንላቸውም። ድምፅ በመስመሩ ለመጓዝ ጊዜ ይፈጅበታል። ሙዚቀኞች ምት ጠብቀው አብረው ለመጫወት መዘግየቱ ከ30 ሚሊ ሰከንድ ገደማ፣ ይኸውም ከአንድ ሰከንድ ሠላሳ ሦስተኛ እጅ፣ ማለፍ የለበትም፤ በተለመደው የበይነ መረብ ስብሰባ ግን መዘግየቱ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከዚህም በላይ መሣሪያው የተሠራው ለንግግር ስለ ሆነ፣ ሳይቋረጥ የሚሳበውን የመሲንቆ ድምፅ እንደ ሞተር ጩኸት ቆጥሮ ያፍነዋል። ማፈኛውን ማጥፋት ይቻላል፤ ዙም «ኦሪጅናል ሳውንድ» የሚባል ማስተካከያ አለው፤ ነገር ግን ይህን አስቀድሞ የሚያውቅና የሚያዘጋጅ ሰው ይፈልጋል። ባለመሲንቆው ብቻውን ተጫውቶ ቢሰማ፣ ወይም ጨዋታው በጥሩ ድምፅ አስቀድሞ ተቀርጾ ቢመጣና ከዚያ በኋላ እርሱ ራሱ በቀጥታ ቢያስረዳ ግን ጉባኤው ይጠቀማል። ስለዚህ የአቃጁ ሥራ ከአዳራሹና ከመስኮቱ አንዱን መምረጥ አይደለም። የትኛው ሥራ በአካል፣ የትኛው በቀጥታ ሥርጭት፣ የትኛው በቅጂ፣ የትኛው አስቀድሞ በሚላክ ጽሑፍ እንደሚሻል ለይቶ ማወቅ ነው።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉ የጠነከረ ነው፤ «መስመር በሌለበት አገር ስለ ጥምር ጉባኤ ማውራት ቅንጦት ነው» ይላል። የሐይቅና የአምባሰል ሕዝብ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ውጫሌን፣ ሐይቅንና ደሴን ባዳረሰ ጊዜ ሰው ተፈናቅሏል፤ በደሴና በኮምቦልቻ ቅጥር ግቢዎች ያሉት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ለዘረፋና ለውድመት ተዳርጓል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላም የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ዳሩ ግን መስመር የተቋረጠበት አባል ከሁሉ የበለጠ የተረሳ ሆኖ ሳለ፣ መቋረጡን ለመርሳት ምክንያት ማድረግ ቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ጉድለት ነበረበት ቢባልም፣ በዚህ ረገድ ግን የሚያስተምረው አለ። በይነ መረብ የሚባል ነገር ባልነበረበት ዘመን፣ ኋላ በ15 ቋንቋዎች እስከ ማስተማር የደረሰው ዕቅዱ የተነሣው በጣም ከራቀው ሰው ስለ ነበር ነው። ተማሪው ወዳለበት መጽሐፉ፣ ጠመኔውና ሬዲዮው እንዲደርስ ታሰበ። ዛሬም ጥያቄው «መስመር አለ ወይ?» ብቻ ሊሆን አይገባም፤ «መስመር ቢጠፋ የዚያ ሰው ድምፅ በምን ይደርሳል?» ነው። ቪድዮ ካልሆነ ድምፅ፤ ድምፅ ካልሆነ ተራ ስልክ፤ ስልክ ካልሆነ አጭር የጽሑፍ መልእክት፤ እርሱም ካልሆነ አስቀድሞ በታሸገ ፖስታ የተላከ ድምፅና ሐሳብ አለ።

የሐይቅ ሁለት ትምህርቶች

ውጫሌ አንድ ስብሰባ ሁለት ቃል ሲኖረው የሚሆነውን ካሳየች፣ በስተ ደቡቧ የምትገኘው ሐይቅ አንድ ቃል በሁለት ሥፍራ እንዴት እንደሚኖር ታሳያለች። በ13ኛው ምዕተ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያደራጁት የትምህርት ማዕከል፣ እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያፈራ መሆኑ የታወቀ ነው። በአባ ኢየሱስ ሞዐ ስም የሚጠራው የአራቱ ወንጌላት ብራና በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ተነሥቶ ቁጥር 1832 ተሰጠው። የፊልሙ ቅጂ በአዲስ አበባም፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ በኮሌጅቪልም ለተመራማሪ ተቀመጠ። በሐይቅ ዳር ያለው መነኩሴና በሚኒሶታ ያለው ተመራማሪ የሚያነቡት አንድ ገጽ፣ አንድ መሥመር ነው። የራቀው አንባቢ ብራናውን አይዳስስም፤ ቀለሙንም በሙሉ አያይም፤ ቃሉ ግን አይለወጥበትም። ጥምር ጉባኤ ሊመኘው የሚገባው ይህን ነው፤ የራቀው ሰው ሻዩን ባይጠጣ፣ ቃሉን እንዳያጣ።

ሁለተኛው ትምህርት ከዚያው ገዳም ሹመት የተገኘ ነው። በመካከለኛው ዘመን የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት «አቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ በነገሥታቱ ዘንድ ከፍተኛ አማካሪ ነበር። የማዕረጉ ስም ቃል በቃል ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ለጥምር ጉባኤ ከካሜራ ይልቅ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ባለ ማዕረግ ነው። በሐይቅ ከጧቱ 3 ሰዓት ሲሆን በዋሽንግተን ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው፤ በዚያ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ወይም ሠዓሊ ጉባኤው ሲከፈት ተኝቷል። ያለ ክፍያ የሚገኘው የዙም አገልግሎት የቡድን ስብሰባን በ40 ደቂቃ ይቆርጣል፤ የመክፈቻው ንግግር በረዘመ ቁጥር የሐይቁ መምህር ዋናው ውይይት ሳይደርስ ከደጅ ይቀራል። በአዳራሽ የተቀመጠ ሰው ሦስት ሰዓት ሙሉ ጎረቤቱን እያዋየ ሊታገሥ ይችላል፤ በትንሽ ስልክ ላይ ያፈጠጠ ሰው ግን አንድ ሰዓት ሳይሞላው ይደክማል። ሰዓት የሚጠብቅ በሌለበት ጉባኤ የሚቀጣው ሁልጊዜ የራቀው ነው።

ምን ይደረግ?

ከላይ የተባለው ሁሉ ወቀሳ ሆኖ እንዳይቀር፣ ማንኛውም ማኅበር በአቅሙ ሊፈጽማቸው የሚችላቸው ተግባሮች አሉ።

አንደኛ፣ መብቱ በመተዳደሪያ ደንብ ይጻፍ። በርቀት የተገኘ አባል በምልዓተ ጉባኤው ውስጥ ይቆጠር እንደ ሆነ፣ ድምፁንም በምን ዘዴ እንደሚሰጥ አስቀድሞ ይወሰን። አዳራሹ በእጅ፣ የርቀቱ በጽሑፍ የሚመርጥበት አሠራር ጥርጣሬ ይወልዳልና ሁሉም በአንድ ዓይነት መንገድ ይምረጥ። ምርጫው ምስጢራዊ ከሆነ ለሁሉም ምስጢራዊ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ቃሉ አንድ ይሁን። አጀንዳው፣ ሪፖርቱ፣ የጥናት ጽሑፉና የውሳኔው ረቂቅ ቢያንስ ከአሥር ቀን በፊት ለሁሉም ይላክ። በአዳራሹ ብቻ የታደለ ወረቀት ለውሳኔ አይቅረብ።

ሦስተኛ፣ በመድረኩ ላይ ከሊቀ መንበሩ ጎን ለርቀት አባላት የሚቆም ሰው ይቀመጥ። ይህ ሰው ቴክኒሻን አይደለም፤ የማኅበሩ የተከበረ አባል ነው። «ሐይቅ አልሰማም» ብሎ ተናጋሪውን ለማስቆም ሥልጣን ይኑረው። ከእያንዳንዱ ጥናት በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ ለርቀት አባላት ይሰጥ።

አራተኛ፣ ድምፅ ከምስል ይቅደም። ምስል ደብዝዞ ስብሰባ ሊቀጥል ይችላል፤ ድምፅ ከጠፋ ግን ስብሰባ የለም። ያለ ማይክራፎን የሚነገር ቃል እንዳልተነገረ ይቆጠር። የአዳራሹ ኮምፒዩተር በሽቦ ይገናኝ፤ ሁለተኛ መስመርና ጄኔሬተር ይዘጋጅ፤ በዋዜማው አንድ የሐይቅ አባል እየሰማ ሙከራ ይደረግ። ቴአትር ያለ ልምምድ መድረክ ላይ እንደማይወጣ የኪነ ጥበብ ሰዎች ያውቃሉ፤ ለራሳቸው ጉባኤ ይህን መንፈግ የለባቸውም።

አምስተኛ፣ የአካባቢ መሰብሰቢያ ይቋቋም። የሐይቅ፣ የውጫሌና የአካባቢው አባላት እያንዳንዳቸው በየስልካቸው ከሚበታተኑ፣ በአንድ የትምህርት ቤት ክፍል፣ በአንድ መስመርና በአንድ ድምፅ ማጉያ ይሰብሰቡ። ሻዩ በዚያም ይፍላ፤ ወጪው በማዕከሉ በጀት ይያዝ። ጉባኤው ሲያርፍ እነርሱ በራሳቸው ጉዳይ ይወያዩ፤ ሲመለሱ በአንድ ተወካይ አፍ ይናገሩ። በዚህ መንገድ የፊት ለፊቱ ወንድማማችነትም አይጠፋም፤ ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነውና ወጪውም አይከብድም።

ስድስተኛ፣ ቃለ ጉባኤው እውነቱን ይጻፍ። ስንት ሰው በአካል፣ ስንት ሰው በርቀት እንደ ተገኘ፣ ስንት ጊዜ መስመር እንደ ተቋረጠ፣ ከርቀት ምን ጥያቄ እንደ ቀረበና ምን እንደ ተመለሰ ይመዝገብ። ውሳኔ በሚሰጥበት ሰዓት መስመር ከተቋረጠ ውሳኔው ይቆይ፤ በተወሰነ ቀን ውስጥ የተቋረጠባቸው አባላት ድምፅ ተሰብስቦ ይጨመር። «ሰዓት የለም» የሚል አዘጋጅ፣ ከአንድ አንቀጽ ጀርባ ስንት ዓመት ጠብ እንደ ተከተለ ውጫሌን ይጠይቅ።

ወንበሩ ይገልበጥ

እነዚህን ተግባሮች ማንም አይቃወማቸውም፤ አደጋቸውም ይኸው ነው። ሁሉም «ትክክል ነው» ብሎ በዋዜማው እንደ ገና አንድ ካሜራ ፍለጋ ይሮጣል። ስለዚህ አንድ እርግጠኛ መድኃኒት አለ። የመንገዱ ሰላም በፈቀደ ጊዜ፣ ከሙያ ማኅበራት አንዱ ዓመታዊ ጉባኤውን በሐይቅ ያድርግ። አዳራሹ በሐይቅ ይሁን፤ ሊቀ መንበሩም፣ ማይክራፎኑም፣ የድምፅ ሣጥኑም በዚያ ይሁን። አዲስ አበባ ደግሞ በመስኮት ትካፈል። የማኅበሩ ነባር መሪዎች፣ ፕሮፌሰሮችና የታወቁ ደራስያን ለአንድ ቀን የሐይቅን መምህራን ማጅራት እያዩ ይዋሉ፤ የማይሰማ ሳቅ ይስሙ፤ እጃቸውን አውጥተው የሚያያቸው ይጡ።

በማግሥቱ ደንቡ ይሻሻላል። ማይክራፎኑ ይገዛል። አቃቤ ሰዓቱም ይሾማል። የራቀውን ሰው ችግር ለማወቅ ከመራቅ የተሻለ ትምህርት ቤት የለምና። ያን ጊዜ ጉባኤው አንድ ይሆናል፤ የሐይቁ መምህር በከፈለው መዋጮ የማኅበሩ ተመልካች ሳይሆን የማኅበሩ ባለቤት ይሆናል፤ በቃለ ጉባኤው ላይ «ተሳትፈዋል» የሚለው ቃልም በአዲስ አበባም ሆነ በአምባሰል አንድ ትርጉም ይኖረዋል።